የጉልበት ልኩ ምንድን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከዚህ ርእስ ሥር ስለ እግር ኳስ ተጫዋቾች ጡንቻ እንደምንጽፍ የተረዳ አንባቢ «ለዚህ ነገር ይህች መጽሔት ቦታው ናትን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ከጉባኤ በኋላ ቆመን የምንጫወተውን ብናስተውል፣ ከመዝሙር ጥናቱ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ወሬ ስለ እግር ኳስ ነው፤ ከኳሱም አልፎ ስለ ተጫዋቾቹ ሰውነት ነው። እገሌ ምን በልቶ እንዲህ ተገነባ? ስንት ኪሎ ያነሣል? የሚጾም ሰው እንዲህ ሊሆን ይችላልን? በመካከላችንም ኳስን እንጀራቸው ለማድረግ የሚሠለጥኑ ወጣቶች አሉ። እነርሱ ይህን ጥያቄ ለጨዋታ አያነሡትም፤ በየቀኑ ይኖሩበታል እንጂ።

ለጥያቄው ሁለት ፈጣን መልሶች ሲሰጡ እንሰማለን። አንደኛው ወገን «ሥጋ ነገ አፈር ነው፤ አፈርን ለማሳመር መድከም ከንቱ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዘመኑ የጉልበት ነው፤ ሰውነቱን ያልገነባ ወጣት ምን ወጣት ነው?» ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም አንድ ነገር ረስተዋል፤ ይኸውም ልክን ነው። ሥጋን መገንባት ይገባል ወይስ አይገባም ከማለት በፊት፣ የጉልበት ልኩ በምን ይታወቃል ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያናችንን ትምህርት እናስታውስ። ቤተ ክርስቲያን ሥጋን የነፍስ ወህኒ ቤት አድርጋ አታይም። እግዚአብሔር ወልድ ሥጋን መልበሱን የምታምን፣ ሥጋችንን በውኃ የምታጠምቅ፣ በሜሮን የምታትም፣ የሙታንንም ትንሣኤ የምትጠብቅ እናት ሥጋን ልትንቅ አትችልም። በስግደት ጊዜ የሚንበረከከው ጉልበታችን ነው፤ በማኅሌት ሌሊቱን የሚቆመው እግራችን ነው፤ መቋሚያም ያስፈለገው እግር የሚደክም ስለ ሆነ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ ሯጩንና ቦክሰኛውን ምሳሌ አድርጎላቸዋል። ምሳሌውን ከሩቅ አላመጣውም፤ በከተማዋ አቅራቢያ በየሁለት ዓመቱ የኢስትምያ ውድድር ይካሄድ ስለ ነበር አንባቢዎቹ የተወዳዳሪን ኑሮ ያውቁታል። የአሸናፊው አክሊል ከቅጠል የተጎነጎነ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ የሚጠወልግ ነበር። ሐዋርያው የስፖርተኛውን ድካም አልነቀፈም፤ የሚደክምለትን ነገር ግን መዘነው። ለጢሞቴዎስ ሲጽፍም ሰውነትን ማሠልጠን ከንቱ ነው አላለውም፤ ጥቅሙ ጥቂት መሆኑን ነገረው እንጂ። ጥቂት ማለት ደግሞ ምንም ማለት አይደለም። አስኬሲስ የተባለው የግሪክ ቃል አስቀድሞ የስፖርተኛን ልምምድ ያመለክት ነበር፤ ኋላ የመነኮሳት የብሕትውና ሥራ መጠሪያ ሆነ። በእኛም ዘንድ ገድል የሚለው ቃል በመሠረቱ ትግል ማለት ነው፤ የቅዱሳንን ታሪክ በዚህ ስም እንጠራዋለን። እንግዲህ የሜዳው ትግልና የበረሃው ትግል በቃል ይዛመዳሉ፤ የሚለያዩት በግባቸው ነው።

አሁን ወደ ሜዳው እንመለስና የተጫዋቹን ሰውነት በቅርብ እንመልከት። በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወት የመሐል ተጫዋች በ90 ደቂቃ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ሩጫው እንደ ረዥም ርቀት ሯጭ ሩጫ ወጥ አይደለም፤ ይፈተለካል፣ ድንገት ይቆማል፣ ይዞራል፣ ይዘላል፣ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። ለዚህ ሁሉ ብርቱ ጡንቻ ያስፈልገዋል። ነገር ግን የሚገነባትን እያንዳንዷን ኪሎ ተሸክሞ የሚሮጠው ራሱ ነው። ስለዚህ የተጫዋች ጡንቻ ስብ ያልበዛበት፣ ለፍጥነትና ለብርታት የሚሆን እንጂ ለእይታ የተቆለለ አይደለም። ለሥራው የማያስፈልገውን 3 ኪሎ ሥጋ የጨመረ ተጫዋች 3 ኪሎ ድንጋይ አዝሎ ወደ ሜዳ ከገባ ሰው ብዙም አይለይም። ጉልበት ሥራ ሲያጣ ራሱ ሸክም ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ ይህ ነው። የጉልበት ልኩ የሚታወቀው ከሚሸከመው ነገር ነው። የተጫዋቹን ጡንቻ ልክ የሚወስነው መስተዋት አይደለም፤ የሜዳው ርዝመት፣ የተጋጣሚው ትከሻ፣ የቡድን ጓደኞቹ ፍላጎት ነው። የእኛስ ጉልበት ልኩን ከማን ይቀበላል?

ጡንቻ የሚያድግበትም መንገድ ያስተምራል። ብዙ ሰው ጡንቻ የሚገነባው ክብደት በሚነሣበት ሰዓት ይመስለዋል። ክብደቱ ግን ጡንቻውን ያደክመዋል፤ ግንባታው በይበልጥ የሚካሄደው ከዚያ በኋላ ባሉት 24 እስከ 48 ሰዓታት፣ ሰውነት ገንቢ ምግብ ሲያገኝና ሲያርፍ ነው። እንቅልፉን የሚያባክን ተጫዋች ቀን የደከመበትን ሌሊት ይጥለዋል። ድካም፣ ምግብና ዕረፍት ሦስቱ ካልተገናኙ ግንባታው አይሳካም። ከዚህም ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው በዚህም ይሠራል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፖላንዱ ሮበርት ሌዋንዶውስኪ በልጅነቱ ቀጭን ነበር። በ2006 ገና 18 ዓመት ሳይሞላው ሌጊያ ዋርሶ አሰናበተው። እርሱም ዝቅ ባለው የአገሩ ውድድር ከትንሽ ክለብ ጀምሮ ወጣ፤ በ2010 ወደ ጀርመን ተሻገረ። ሰውነቱን በልምምድ፣ በምግብና በእንቅልፍ ሥርዓት ዓመት በዓመት ላይ እየጨመረ ገነባው፤ ባለቤቱም የካራቴ ስፖርተኛና የምግብ አዋቂ ስለ ሆነች በዚህ ረዳችው። በ2020–21 የውድድር ዓመት በጀርመን ሊግ 41 ግብ አስቆጥሮ፣ ጌርድ ሙለር በ1971–72 ያስመዘገበውን የ40 ግብ ክብረ ወሰን ሲሰብር ዕድሜው 32 ነበር። ከተሰናበተበት ቀን እስከዚያች ቀን 15 ዓመት ያህል አልፏል። ይህን ስንጽፍ ሰውየውን ለማምለክ አይደለም፤ ዛሬ የምናየው ሰውነት ትናንት ማታ ያልተሠራ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ይህን ርዝመት ለማሳጠር የሚፈልግ ሰው ግን ምን ይገጥመዋል? ምሥራቅ ጀርመን ከ1974 ጀምሮ በመንግሥት ዕቅድ ለስፖርተኞቿ ጡንቻ የሚያሳድግ፣ ከወንድ ሆርሞን ጋር የሚዛመድ መድኃኒት ትሰጥ ነበር። ከተቀባዮቹ መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጃገረዶች ይገኙ ነበር፤ ብዙዎቹም የሚውጡት ቪታሚን መስሏቸው ነበር። ሜዳልያው ጎረፈ። ከ1990 በኋላ ምስጢሩ ሲገለጥ ግን ጉበታቸው የተጎዳ፣ ልጅ መውለድ የተሳናቸው፣ በልዩ ልዩ ሕመም የሚሠቃዩ ብዙ ሰዎች ታዩ። የአገር ክብር የተባለው ነገር በልጆች ሥጋ ተገዝቶ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ አበው፤ እነዚያ ግን የፈሰሰውን ለመልቀም እንኳ አልቻሉም።

በቅርብ ጊዜም በ2018 የዓለም ዋንጫን ያነሣው ፈረንሳዊ ፖል ፖግባ በ2023 በተደረገለት ምርመራ የተከለከለ ነገር ተገኘበትና ለ4 ዓመት ታገደ። በይግባኝ ጉዳዩን ያየው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በ2024 ቅጣቱን ወደ 18 ወር ዝቅ አደረገለት። ሆን ብሎ እንዳልወሰደው፣ ሐኪም ካዘዘለት ተጨማሪ ምግብ እንደ መጣ ተቀበለለት፤ ሆኖም ፈጽሞ ጥፋት የለበትም አላለም። ሙያተኛ ተጫዋች ወደ አፉ ለሚያስገባው ነገር መጠንቀቅ ነበረበትና። በየስፖርት ቤቱ በትልልቅ ዕቃ ታሽጎ የሚሸጠውን ዱቄት ምንነቱን ሳንመረምር «ጓደኛዬ ተጠቅሞበታል» ብለን የምንገዛ ሁሉ በዚህ ፍርድ ውስጥ ለእኛ የተነገረ ነገር እንዳለ እናስብ። አለማወቅ ቅጣትን ያቀላል እንጂ ኃላፊነትን አያስቀርም።

ከዚህ ቀጥሎ ሁላችንም ወደምንጠብቀው ከባድ ጥያቄ እንደርሳለን። የሚጾም ተጫዋች ሰውነቱን ሊገነባ ይችላልን? በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም፣ የሐዋርያት ጾም፣ የፍልሰታ 15 ቀን፣ ነነዌ፣ ገሃድ፣ ረቡዕና ዓርብም አሉ። ተደምረው በዓመት ከ180 ቀን አያንሱም። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለም፤ እስከ ታዘዘውም ሰዓት ምግብም ውኃም አይቀመስም።

ነገሩን በስሜት ሳይሆን በቁጥር እንመርምረው። የስፖርት ምግብ ባለሙያዎች ለእግር ኳስ ተጫዋች የሚመክሩት በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ1.6 እስከ 2.2 ግራም ፕሮቲን ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ቢያንስ 112 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። 250 ግራም ደረቅ ምስር 60 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ 400 ግራም የጤፍ ዱቄት ደግሞ 50 ግራም ያህል። ሁለቱ ተደምረው 110 ግራም ገደማ ይሆናሉ። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን እንደ እንቁላሉ በቀላሉ ከሰውነት ጋር አይዋሐድም፤ ነገር ግን እንጀራውና ወጡ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ሽሮው፣ ክኩ፣ ባቄላው፣ ሽምብራው ሲጨመር የጾም ገበታ ለጡንቻ ባዶ አይደለም። «በጾም ሰው ይከሳል እንጂ አይገነባም» የሚለው አባባል እንግዲህ ሙሉ እውነት አይደለም።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሁሉ እንናገር። ጡንቻ የሚወደው ገንቢ ምግብ በቀን ውስጥ በሦስትና በአራት ጊዜ ተከፍሎ ሲመጣለት ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ተጫዋች ይህን አያገኝም። ጠዋት ሠልጥኖ ሳይበላ ይቆያል፤ ውኃም አይጠጣም። ስለዚህ ከማይጾመው ጓደኛው ጥቂት ሊጎድልበት ይችላል። እኛ ይህን ጉድለት ለመሸሸግ አንፈልግም። አንዳንዶች ጾምን ለማስወደድ «ስብ ያቀልጣል፣ ሰውነት ያስተካክላል» እያሉ ሲሰብኩ እንሰማለን። ይህ ውዳሴ ጾምን ከመሠዊያው አውርዶ በመስተዋቱ ፊት ያቆመዋል። ጾም ምንም የማያስከፍለን ከሆነ ለእግዚአብሔር የሰጠነው ነገር ምንድን ነው? ጥቂቱን ጉድለት አውቆና ወዶ የሚቀበል ተጫዋች በሰውነቱ ላይ ከሰውነቱ የሚበልጥ ጌታ እንዳለ ይመሰክራል።

በሌላ እምነት ያሉ ወንድሞቻችንም በዚህ ይገሥጹናል። በ2021 በረመዳን ወር በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሌስተር ሲቲና ክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ ፀሐይ በጠለቀች ጊዜ የግብ ምት ላይ ጨዋታው ለጥቂት ጊዜ ቆመና ዌስሊ ፎፋናና ሼኩ ኩያቴ በሜዳው ዳር አፈጠሩ። ሁለቱ የተጋጣሚ ቡድን ተጫዋቾች ነበሩ። የዓለም ሀብታም የሆነው ሊግ ለእምነት ደቂቃ ሊያገኝ ከቻለ፣ እኛ ለጾማችን የልምምድ ሰዓት ማሸጋሸግን ለመጠየቅ የምናፍረው ለምንድን ነው?

በሌላ በኩል ሰው በሜዳ ላይ እስኪወድቅ ይጹም አንልም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመው፣ ለነፍሰ ጡሯ፣ ለደካማው የምትራራ እናት ናት። በኳስ ደመወዝ እናቱንና ታናናሾቹን የሚያስተዳድር ወጣት ሥራው የግድ የሚልበት ጊዜ ይኖራል። ደመወዝ እየተቀበለ በቸልተኝነት ሰውነቱን የሚያበላሽ ተጫዋችም አሠሪውንና ጓደኞቹን ይበድላል። የምንለው ይህ ብቻ ነው፦ ጾሙን ማቅለል ወይም አለማቅለል በአሠልጣኙ ቁጣ ወይም በጓደኛ ፌዝ የሚቆረጥ ነገር አይደለም፤ ወደ ንስሐ አባት የሚቀርብ ነው። «አልችልም» በሚለውና «አልፈልግም» በሚለው ቃል መካከል ያለውን ልዩነት ብቻችንን ሆነን መለየት ያስቸግረናልና። ፈቃድ የተሰጠውን ወንድምም በምግብ ሰዓት ሰሐኑን እያየን አንፍረድበት።

ስለ ምግብ ስንቆጥር ደግሞ አንድ ሌላ ቁጥር ሊያሳስበን ይገባል። በ2019 በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል 37 ከመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ናቸው፤ በቂ ምግብ ካለማግኘት የተነሣ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች ነው። እኛ 112ኛዋን ግራም ስንፈልግ፣ በዚያው ጎረቤት የራሱን ልክ እንኳ ያልደረሰ ሕፃን አለ። አበው በጾም የተረፈው ለድኃ ይሰጥ ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ይህን የምንጽፈው ተጫዋቹ በምግቡ እንዲሸማቀቅ አይደለም፤ ሠራተኛ ምግቡ ይገባዋል። ነገር ግን ራሱን ብቻ የሚመግብ ጉልበት ምንኛ ጠባብ ነው!

በመጨረሻም ስለ መስተዋት ጥቂት እንበል። ሰውነት ለሁሉም እኩል አልተሰጠም። ስፔናዊው አዳማ ትራኦሬ በጡንቻው ብዛት የታወቀ ነው፤ እርሱ ግን ክብደት እንደማያነሣ ተናግሯል። ሊዮኔል ሜሲ በልጅነቱ የእድገት ሆርሞን እጥረት ስለ ነበረበት በሕክምና ተረድቶ አደገ፤ ቁመቱም 1.70 ሜትር ነው። የመጀመሪያው ብዙ የተሰጠው ነው፤ ሁለተኛው የጎደለውን በመድኃኒት ያገኘ ነው። መድኃኒት የጎደለውን ወደ ልኩ ሲያደርስ ሕክምና ይባላል፤ ልኩን የያዘውን ከልኩ ሲያሳልፍ ግን ማታለል ይሆናል። ሁለቱም ሰዎች ቁመታቸውንና የአጥንታቸውን ዓይነት አልመረጡም። እንግዲህ በቀጭን ወንድማችን ክንድ የምንስቅ በማን ሥራ ላይ እንስቃለን? ደግሞስ የተጫዋች ዘመን ስንት ነው? አብዛኞቹ በ35 ዓመት አካባቢ ጫማቸውን ይሰቅላሉ። ጡንቻው እየሟሸሸ ይሄዳል። ጡንቻውን ለመገንባት ሲል የለመደው ትዕግሥት፣ ራስን መግዛት፣ በጊዜ መተኛት፣ ለጓደኛ መድከም ግን ከርሱ ጋር ይቀራል። ሐዋርያው ጥቂት ያለው ጥቅም ምናልባት ይህን ለመሳሰለው መንገድ በመክፈቱ ይሆናል።

ተጫዋቾች የኋላ ጭን ጡንቻቸው እንዳይበጠስ የሚሠሩት አንድ ልምምድ አለ። ተጫዋቹ ይንበረከካል፤ ጓደኛው ከኋላ ቁርጭምጭሚቶቹን አጥብቆ ይይዝለታል፤ እርሱም ወገቡን ሳያጥፍ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይወርዳል። ይህን ልምምድ በሥልጠናቸው የጨመሩ ቡድኖች የዚያን ጉዳት ቁጥር በግማሽ ያህል እንደ ቀነሱ ጥናቶች አሳይተዋል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው እግር የሚይዝ ወንድም ብቻ ነው።

ስለዚህ በመካከላችን ለኳስ የሚሠለጥኑ ወጣቶችን ብቻቸውን አንተዋቸው። በሚመጣው ጾም «ጾምክ ወይስ ፈታህ?» ብለን ከምንመረምራቸው ይልቅ «ምስር አለህን? ከልምምድ ስትመለስ የሚጠብቅህ እንጀራ አለን?» ብለን እንጠይቃቸው። እነርሱም በተራቸው ጉልበታቸውን ያዋጡ። የታመሙ አረጋዊትን ወደ ጠበል ለማድረስ፣ ለበዓል ድንኳን ለመትከል፣ የድኃዋን እናት የውኃ ጀሪካን ለመሸከም የሚሆን ትከሻ ያስፈልጋል። የተጫዋቹ ክንድ በዚያ ሥራ ላይ ሲውል ልኩ ስንት እንደ ሆነ የሚጠይቅ አይኖርም።

እግዚአብሔር አምላክ ጉልበታችንን በልኩ የምናውቅ፣ ለሚገባውም የምናውል ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።